የግንኙነት ምሥጢር፣ ጠበቃውና መሐንዲሱ



ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ደዶ ወረዳ ያደርሳል። በደዶም እንደ ሌሎቹ የጅማ ዞን የቡና ወረዳዎች ሁሉ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ጠፈፍ ማለት ሲጀምር የለቀማ ወራት ይገባል። እሸት ቡና ጊዜ የማይሰጥ ዕቃ ነው። ከተለቀመ በኋላ ሳይፈለፈል ወይም አልጋ ላይ ሳይሰጣ ባደረ ቁጥር ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጥራቱም ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬውም፣ ሰብሳቢውም፣ አቅራቢውም የዕለቱን ዋጋ በዕለቱ ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ዋጋው የሚቆረጠው አዲስ አበባ፣ በምርት ገበያው ነው፤ ወሬው የሚደርሰው ደግሞ በስልክ ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚገኘው የኢንተርኔት አገልግሎት በኦሮሚያና በሌሎችም አካባቢዎች ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። ጊዜው የቡና ለቀማ ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ወቅት ተጠቃሚው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ስልኩን ነው፤ ቀጥሎም በኮረብታው ላይ ያለውን ማማ። ማማው ግን አልተበላሸም። ኃይል ያገኛል፣ ድምፅ ያስተላልፋል፣ አጭር መልእክትም ያደርስ ይሆናል። የሙያው ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ከየማማው የሚነሣው የመረጃ ትራፊክ ሁሉ ተሰብስቦ በማዕከል በሚገኝ አንድ የመተላለፊያ በር በኩል ወደ ዓለም አቀፉ መረብ ይወጣል። ያ በር ከተዘጋ ደዶ ያለው ማማ እንደ ቆመ፣ መብራቱም እንደ በራ፣ ከዓለም ይለያል። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአገሪቱ የነበረው የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ አንድ ብቻ ስለ ነበር በሩን ለመዝጋት አንድ ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ትእዛዙን በእጁ የሚፈጽመው ሰው ደግሞ ዳኛም ወታደርም አይደለም፤ መሐንዲስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ዋጋ ሳያውቅ ቡናውን በርካሽ የሸጠ ሰው ለማን ያመለክታል? ጎረቤት ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ አለ፤ በጅማ አካባቢ ጃርሱማ ስንቱን ጠብ አብርዷል። ማማውን ግን ሽማግሌ ፊት አቅርቦ ማስታረቅ አይቻልም። የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት ለመሄድ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ ጠበቃው የሚከራከርበትን ነገር ለማወቅና ለማስረዳት ደግሞ መሐንዲስ ያስፈልገዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም እስካሁን ከሁሉ ይልቅ ችላ የተባለው እርሱ ነውና።

ሕጉ የለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ የፖስታ ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውንም ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ ሕጉ ከመሣሪያው ሁለት ዓመት ያህል መቅደሙን ሲያይ ሳይደነቅ አይቀርም። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽና መረጃን ያለ ወሰን የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሠራጨት መብትን ይደነግጋል። ችግሩ ከዚህ በኋላ የወጡት ዝርዝር ሕጎች ናቸው። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 ለጠለፋና ለክትትል ሰፊ በር ከፈተ። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃን ለአንድ ዓመት ይዞ እንዲያቆይ አስገደደ። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ ደወለ የሚለው መዝገብ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአንድ ዓመት እንዲህ ያለ መዝገብ በእጁ የያዘ ሰው የባለ ስልኩን ወዳጆች፣ ሐኪም፣ የነፍስ አባትና አበዳሪ ንግግራቸውን ሳይሰማ ያውቃቸዋል። የሰብዓዊ መብት ተመልካቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የጸጥታ ሠራተኞች የሰዎችን የስልክ መዝገብ እንደ ልብ ያገኙ እንደ ነበርና ይህም ለምርመራ ይውል እንደ ነበር ገልጿል።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ጉዳይ መመልከት ይበጃል። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም በኢንተርኔት መጻፍ ጀመሩ። የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞኖች አሉት፤ ዘጠነኛው ዞን ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነበር ስሙ የወጣው። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። በመካከላቸው የሕግ መምህር ነበር፣ የባንክ ባለሙያ ነበር፤ አቤል ዋበላ ደግሞ በአየር መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠበቃ እንዲያገኙ አልተፈቀደላቸውም። በሐምሌ ወር የሽብር ክስ ቀረበባቸው።

በክሱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ነገሮች መካከል አንዱ ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም አለው። ይኸውም «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል የኮምፒዩተር ደኅንነት ትምህርት መሠልጠናቸው ነው። ይህ መማሪያ በሁለት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተዘጋጅቶ ለማንም በነጻ የተሰጠ ነው። ጠንካራ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ቫይረስ እንዴት እንደሚከለከል፣ ፋይል በምስጠራ እንዴት እንደሚቆለፍ ያስተምራል። ባንክ የደንበኛውን ሒሳብ የሚጠብቀው በዚሁ ምስጠራ ነው፤ የቡና ላኪ ከውጭ ገዢው ጋር የሚዋዋልበት ደብዳቤም ቢሆን የሚጓዘው በዚሁ ተቆልፎ ነው። ለመሐንዲስ ቁልፍ ማለት ቁልፍ ነው። በክስ ወረቀት ላይ ግን ቁልፍ መግዛት ለመስረቅ እንደ መዘጋጀት ተቆጠረ።

ጠበቃቸው አቶ አምሐ መኮንን ነበሩ። ጉዳዩ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተቀጠረ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በአምስቱ ላይ የቀረበው ክስ ተነሥቶ ተፈቱ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ልደታ የሚገኘው ፍርድ ቤት የቀሩትን አራቱንና በሌለችበት የተከሰሰችውን ሶልያና ሽመልስን ከሽብር ክስ ነጻ አወጣቸው፤ በፈቃዱ ኃይሉ ብቻ አመፅ በማነሣሣት እንዲከላከል ተወሰነ፣ እርሱም በዋስ ወጣ። ይህ ሆኖ ሳለ ነጻ የተባሉት ሰዎች ወደ አሥራ ስምንት ወር የሚጠጋ ጊዜ ታስረዋል። በሕግ ረገድ ጠበቃው ድል አደረጉ ማለት ይቻላል። በሙያ ረገድ ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ምስጠራ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት በጽሑፍ የሚያስረዳ፣ ማኅተም ያለው የሙያ ማኅበር በአገሪቱ ቢኖር ኖሮ ያ አንቀጽ በክሱ ላይ እስከ መጨረሻው ይቆይ ነበርን?

እንዲህ ያለ ነገር ሕልም አለመሆኑን የሌላ አገር ታሪክ ያሳያል። (የውጭ አገር ጉዳዮች ዘመን ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በመጋቢት 1990 የአሜሪካ መንግሥት የምሥጢር ፖሊስ በቴክሳስ አንድ አነስተኛ የጨዋታ አሳታሚ ድርጅት ፈትሾ ኮምፒዩተሮቹን ወሰደ። በውስጣቸው የብዙ ሰዎች ያልተነበበ የግል ደብዳቤ ነበር። በዚያው ዓመት ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባል ማኅበር ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ መካከል ሚች ኬፐርና ጆን ጊልሞር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪዎች ነበሩ፤ ሦስተኛው ጆን ፔሪ ባርሎ ደግሞ ከብት አርቢና ግጥም ደራሲ ነበር። የአሳታሚው ክስ በ1993 ለአሳታሚው ተፈረደለት። ከዚያም በ1995 ዳንኤል በርንስታይን የሚባል የሒሳብ ተማሪ የምስጠራ ፕሮግራሙን ለማሳተም የጦር መሣሪያ እንደሚልክ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ስለ ተጠየቀ መንግሥትን ከሰሰ። ሲንዲ ኮን የተባለች ጠበቃ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ያዘችለት። በ1996 ዳኛዋ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሑፍ እንደ ማንኛውም ንግግር በሕግ የተጠበቀ ነው ብለው ወሰኑ። ዳኛዋ ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም ይሆናል፤ ነገር ግን ፕሮግራም ሰው ለሰው ሐሳቡን የሚገልጽበት ቋንቋ መሆኑን በሚገባቸው ቃል ያስረዷቸው የሙያው ሰዎች ነበሩ። ጠበቃዋ ብቻዋን ብትቆም ኖሮ ክርክሩ ከመጀመሪያው ገጽ ባላለፈ ነበር።

መሐንዲስና ጠበቃ አብረው ቆመውም የማይሳካበት ጊዜ አለ፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። የዚህ ምሳሌ የኢትዮጵያውያን ነው። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የሚኖር፣ በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ አንድ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም በየካቲት 2014 በዋሽንግተን ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብዳቤ ጋር ተያይዞ የመጣ አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተሩ ገባ። ፕሮግራሙ ለወራት በስካይፕ የሚደረገውን ንግግር ቀዳ፣ የሚጻፈውን ሰበሰበ፤ የቤተሰቡ አባል ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ እንኳ አልቀረውም። በመጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ክፍል ስለ ፊንስፓይ ዘገባ ሲያወጣ፣ አንዱ የመቀበያ ሰርቨር በኢትዮጵያ እንደሚገኝ ገለጸ። ዘገባው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኪዳኔ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ስለላ ቆመ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ማስረጃው እንዴት እንደ ተገኘ ነው። አጥፊው ሲወጣ ቤቱን በሚገባ አልጠረገም ነበር። በዲስኩ ላይ የቀሩት ፋይሎች ተመረመሩ፤ ፕሮግራሙ ሪፖርት ያደርግበት የነበረው የሰርቨር አድራሻም ተለየ፤ አድራሻው የማን መሆኑን ደግሞ ለሁሉም ክፍት የሆነው የኢንተርኔት አድራሻዎች መዝገብ ይናገራል። ይህን ሁሉ የሠሩት ጠበቆች አይደሉም። ጠበቆቹ የሠሩት፣ የተገኘውን ወደ ክስ ቋንቋ መመለስ ነው።

ሆኖም ክሱ በግንቦት 2016 ውድቅ ሆነ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም መጋቢት 14 ቀን 2017 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱ ስለላው አልተፈጸመም የሚል አልነበረም። በ1976 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታትን ከክስ የሚከላከል ሆኖ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ከተፈጸመ ብቻ መከላከያው ይነሣል የሚል ትርጉም ተሰጥቶት ነው። ትእዛዙ ከውጭ የተላከ፣ ፕሮግራሙም ከውጭ የተሰናዳ ስለ ሆነ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በዚያ አልተፈጸመም ተባለ። ይህ አስተያየት ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ ነው። ማይክሮፎኑ የነበረው ሜሪላንድ ነው፣ ድምፁ የተቀዳው ሜሪላንድ ነው፣ የተናገረውም ሰው ሜሪላንድ ቤቱ ውስጥ ነበር። በረጅም ሽቦ ጫፍ ሆኖ በር የሚከፍት ሌባ ቤት አልገባም እንደ ማለት ነው። ግን ሕጉ የተጻፈው ሽቦው እንዲህ ሳይረዝም በፊት ነበርና ዳኞቹን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ወደ ተዘጋው በር እንመለስ ቢባል፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ፍርድ ቤቶች መልስ የሰጡበት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በጥር 2019 ዚምባብዌ ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘጋ የጋዜጠኞች ተቋምና የሰብዓዊ መብት ጠበቆች ማኅበር አብረው ከስሰው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሚኒስትሩ ያን ትእዛዝ ለመስጠት ሥልጣን የላቸውም ብሎ አገልግሎቱ እንዲከፈት በጥቂት ቀናት ውስጥ አዘዘ። በሰኔ 2020 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት፣ ቶጎ በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕግን የጣሰ ነው ሲል ፈረደ። በዚያው በሰኔ ወር ማለቂያ ማለትም ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉን ተከትሎ በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። መንግሥት በዚያን ጊዜ የሚፈራው ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤትና ንብረት ተቃጥሏል። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻም የተዘጋው ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ስለ ወጣ ነው። ምክንያት አለ። ምክንያቱ ግን ከጉዳቱ ጋር ተመዝኖ የሚታይበት ሸንጎ አልነበረም። በጥንቱ የተጠየቅ ሥርዓት እንኳ ባላጋራ ባላጋራውን ፊት ለፊት ሳይሞግት አይፈረድበትም ነበር።

ለምን ማንም አልሞገተም ለሚለው አንዱ መልስ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 621 ነው። ከገቢው ከአሥር እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ በመከልከሉ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት ማኅበራት አቅማቸው ተሰብሮ ነበር። ይህ ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 ተተክቷል፤ የሽብር ሕጉም በ2012 ዓ.ም. ተለውጧል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስደስታል። ትናንት ተከሳሽ የነበረው በፈቃዱ ኃይሉ የመብቶችና ዴሞክራሲ ማእከልን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ ጠበቃው አቶ አምሐም የሕግ ባለሙያዎች ለሰብዓዊ መብቶች የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ተከሳሽና ጠበቃ ሁለቱም ከአንድ ችሎት ወጥተው ለሌሎች የሚቆም ተቋም አቆሙ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ግን ሁለቱም ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ታገዱ፤ እገዳው የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ይህን ያህል ሸክም በሁለትና በሦስት ድርጅት ትከሻ ላይ ብቻ ማሳረፍ አደገኛ መሆኑ ነው። አንዱ ሲታገድ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

የሙያ ማኅበራት እስከ ዛሬ ጉዳዩን የጠበቆች ብቻ አድርገው መመልከታቸው ከጥንቃቄ ይልቅ ፍርሃት ይመስላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በሥነ ምግባር ደንቡ መሠረት በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌላቸው በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የመሥራት ግዴታ አለበት። ድልድይ ሲወድቅ ለፍርድ ቤት የሚያስረዳ መሐንዲስ አይጠፋም። ግንኙነት ሲወድቅ ግን የሚያስረዳ የለም። የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒዩተር ባለሙያው ከነዚያ ከ50ው ሰዓት አምስቱን ያህል እንኳ ቢሰጥ ሥራው ብዙ ይቀየራል።

የሚሰጠው ነገር ምንድር ነው ቢባል፣ ተቃውሞ ወይም ውዳሴ ሳይሆን ልኬት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሥራ በኦሮሚያ ጉዳይ ላይ ተሠርቷል። ኦኒ የሚባለው የኢንተርኔት ጣልቃ ገብነትን የሚለካ ፕሮጀክት ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ሆኖ በ2008 ዓ.ም. ማለቂያና በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ ያደረገውን ፍተሻ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. አሳትሟል። ዋትሳፕና አያሌ የዜና ገጾች መዘጋታቸው፣ መዘጋታቸውም በብልሽት ሳይሆን የሚያልፈውን መረጃ ከፍቶ በሚመረምር መሣሪያ መሆኑ በልኬቱ ታይቷል። በብልሽት የመጣ መቋረጥና በትእዛዝ የመጣ መቋረጥ በፍርድ ቤት አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በማስረጃ ሊለይ የሚችለው መሐንዲስ ብቻ ነው።

ሌላው የተያዘ ኮምፒዩተር ጉዳይ ነው። ፖሊስ የአንድን ሰው ኮምፒዩተር ሲይዝ በዲስኩ ላይ ካለው ሁሉ በሒሳብ የሚወጣ አጭር የመለያ ቁጥር በዚያው ሰዓት፣ ባለንብረቱ ባለበት፣ ተመዝግቦ ሊፈረምበት ይገባል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ብትጨመር ወይም ብትቀነስ ቁጥሩ ይለወጣል። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እንደ ዲስኩ መጠን ሰዓታት ቢፈጅ ነው። ይህ ቁጥር ከሌለ በችሎት ላይ «ይህ ፋይል የእኔ አይደለም» የሚለውን ተከሳሽ የሚያምንም የማያምንም ዳኛ የሚመካበት ነገር የለውም። ይህን መጠየቅ ተከሳሹን ብቻ መጥቀም አይደለም፤ ሐቀኛውን መርማሪም ያድናል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት የመረጃው ባለቤት መረጃው ማን ዘንድ እንዳለና ለምን እንደሚሠራበት መጠየቅ ይችላል። ደዶ ያለ ቡና አቅራቢ ይህን መብት ሰምቶት አያውቅ ይሆናል፤ ቢሰማም ማመልከቻውን በምን ቃል እንደሚጽፍ ያስቸግረዋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱ አቅም ለሌላቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም በዚያው ከተማ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ላይ ነው። የሕግ ተማሪውና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ እንዲጽፉ ለማድረግ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልግም፤ የሁለት ክፍል ኃላፊዎች ስምምነት ይበቃል።

ማኅበሩ ከመጪው የለቀማ ወራት በፊት ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ አለ። በደዶ፣ በአጋሮና በሊሙ ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት ሦስት ባለሙያዎች ይመረጡ፤ እያንዳንዳቸውም በተለያየ አገልግሎት ሰጪ ስልክ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ድምፅ፣ አጭር መልእክትና ኢንተርኔት መሥራት አለመሥራቱን ይፈትኑ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በመዝገብ ይጻፍ፣ ይፈረም፤ ቅጂውም በየሳምንቱ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይላክ። በመዝገቡ የማንም ስልክ ቁጥር፣ የማንም ንግግር አይገባም። አገልግሎቱ በደህና ከቆየ መዝገቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከተቋረጠ ደግሞ ጠበቃው ችሎት ፊት ሲቆም «መቼ፣ የት፣ ለስንት ሰዓት?» ተብሎ ይጠየቃልና፣ በእጁ የሚይዘው ወረቀት ይኖረዋል።